በዓይኑ ዓ ነው

ባለፈው ሳምንት ሰኞ ለደም ግፊቴ ልታይ ሆስፒታል ሄጄ ካርድ ክፍሉ መስኮት ፊት ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ መስኮቱ ውስጥ ያለው ጎልማሳ ቀና እንኳ ሳይል «ስም?» አለኝ። «ዓለምነሽ» አልኩና እንደ ልማዴ «በዓይኑ ዓ ነው» ልለው አፌን ስከፍት፣ እሱ ጣቱን ሁለት ሦስቴ አንቀሳቅሶ «ካርድዎ ተገኝቷል እናቴ፣ ወደ ሁለት ቁጥር ይግቡ» አለ። አንገቴን አስግጌ አየሁ። የጻፈው «አለምነሽ» ብሎ ነው፣ በአልፋው አ። ከሥሩ ግን ድሮ ራሴ ቆሜ ያስመዘገብኩት ስሜ በዓይኑ ዓ ቁጭ ብሏል። «እንዴት አገኘኸኝ?» አልኩት። ከኋላዬ ያለው ሰው «ይለፉ እንጂ እማማ» ይላል። ጎልማሳው ግን ጨዋ ነው፣ መለሰልኝ፤ «ኮምፒውተሩ በየትኛውም ፊደል ቢጻፍ ያገኛል። ለሱ ሀ ሁሉ አንድ ሀ ነው። አንዲት የጥርባ ልጅ ናት የሠራችው፣ ስመኝ የምትባል።» ሁለት ቁጥር ገባሁ፣ ሐኪሙ ግፊቴን ለካና «ዛሬ ምን ነካዎት?» አለኝ፤ ወጥቶ ነበር። ምን ልበለው? የሀ ጉዳይ ነው ልበለው?

እኔ በሙያዬ ታይፒስት ነኝ። «ነበርኩ» ማለት እስከ ዛሬ አፌ ላይ አይመጣልኝም። ሰው ሁሉ እንጅባራን ኮሶበር እያለ በሚጠራበት ዘመን፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ በጥቁር የጽሕፈት መኪና ደብዳቤ ስመታ ነው ጠጉሬ የሸበተው። ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ ሀሌታውን ሀ ከሐመሩ ሐ፣ ሐመሩን ከብዙኃኑ ኀ ላልለየ ተማሪ ፊት አይሰጡም። እሳቱ ሰ አለ፣ ንጉሡ ሠ አለ። ጸሎቱ ጸ አለ፣ ፀሐዩ ፀ አለ። አፍ ላይ አንድ ናቸው፣ ወረቀት ላይ ግን የየራሳቸው መልክ አላቸው፤ እኔ ደግሞ ወረቀት ላይ ነበር የምኖረው። አለቃ የፈረመበትን ደብዳቤ እንኳ ስሕተት ካየሁበት ቀድጄ እንደገና መትቼ «እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ» እል ነበር። «ዓለምነሽ ሳታየው እንዳይወጣ» ይባል ነበር ቢሮ ውስጥ። ይቺ ንግግር ጭንቅላቴ ላይ ወጣች፣ ምን አለፋችሁ፣ እዚያው ቀረች።

ጡረታ ስወጣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ አንዲት የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ቤት ከፈትኩ። ያኔ ፎቶ ኮፒ አንድ ገጽ በአንድ ብር ነው፣ ማመልከቻ መጻፍ በአምስት ብር፣ ሻይ በሦስት ብር፣ ባጃጅ ከእኔ በር እስከ ዩኒቨርሲቲው መታጠፊያ በሁለት ብር። አሁን ስንት እንደ ሆነ አልናገርም፣ ግፊቴን አላስነሣም። ከፊት ለፊቴ በፍላሽ ዘፈን የሚጭን ሰው ነበረ። አንዱን ዘፈን በሃምሳ ሳንቲም እየጫነ፣ ገበያ ይጠራልኛል ብሎ አንዲት የክራር ዘፈን ከጠዋት ጀምሮ እየደጋገመ ያጫውታል። ድምፅ ማጉያው የተቀደደ ነው፤ ዘፋኟ ስታለቅስ ይሁን ስትስቅ አይለይም። እንኳን ያኔ ዛሬም ክራር በተቀደደ ማጉያ ስሰማ የሞቀ ወረቀትና የረጠበ ጃኬት ሽታ ይመጣብኛል። የእንጅባራ ክረምት እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ ሰኔ የታጠበ ልብስ የሚደርቀው ለመስቀል ነው።

ይበልጣልን ያወቅሁት በዝናብ ነው። አንድ ቅዳሜ ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልሎ ደረቱ ላይ አቅፎ መጣና «እትዬ፣ እስቲያባራ ላስጠልል?» አለኝ። የዳንግላ ሰው ነው፣ እዚህ አንድ ቢሮ በኮምፒውተር ባለሙያነት ይሠራል። ክርኗ ያለቀች ቡናማ የቆዳ ጃኬት ነበረችው፤ ከሷ ሌላ ልብስ ለብሶ ያየሁት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ከኋላ ያለችውን ክፍል ከፈትኩለት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስመኝን ይዟት መጣ። ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ተምራ የጨረሰች፣ ሥራ ያላገኘች፣ አረንጓዴ ሹራብ የማትለያት፣ ሸራ ጫማዋ ሁልጊዜ ጭቃ የነካው የጥርባ ገጠር ልጅ። አማርኛዋ ቁጥብ ነው፤ ከእናቷ ጋር በስልክ አገውኛ ስታወራ ግን ሳቋ ግድግዳ ያልፋል። ከዚያ አንድ ሁለት እያሉ ስምንት ሆኑ። ሶፍትዌር የሚሠሩ ልጆች እዚህ ከተማ መኖራቸውን እኔ ከየት ዐውቄ! እነሱም ራሳቸው አይተዋወቁም ነበር፤ እያንዳንዱ ቤቱ ተቀምጦ ብቻውን ሲታገል ነው የኖረው።

ስብሰባቸውን «ወንፈል» ብላ የሰየመችው ስመኝ ናት። እሷ አገር ዛሬ የአንዱ ማሳ ይታረማል፣ ነገ የሌላው፤ ማንም ብቻውን አያርምም። «ኮድም አረም ያበቅላል» ብሎ ይበልጣል ተቀበላት። በየቅዳሜው አንዱ ባለማሳ ይሆናል፤ የሠራውን ይከፍታል፣ ሌሎቹ ከበው መስመር በመስመር ያያሉ፣ «ይኼ ለምን?» ይሉታል፣ ይነቅሉለታል። ባለማሳው ድንች ቀቅሎ ይመጣል፣ ለአንድ ሰው ሦስት ድንች ከሚጥሚጣ ጋር፤ ሕጉ ነው። ማንም በማንም ሥራ አይስቅም፣ እሱም ሕግ ነው። አንዳንድ ቅዳሜ ማሳ ትተው ለሥራ ፈተና ይለማመዳሉ። ያኔ እኔን በቀርከሃ ወንበር ላይ አስቀምጠው «እትዬ እርስዎ ሥራ አስኪያጅ ይሁኑ፣ ፊትዎን ኮስተር ያድርጉ» ይሉኛል። ለመኮሳተር ልምምድ አላስፈለገኝም። እንዲያ ተለማምዶ አንዱ ባሕር ዳር ተቀጠረ፣ አንዷ እዚሁ ተቀምጣ አዲስ አበባ ላለ ድርጅት ትሠራ ጀመር፤ ማመልከቻቸውን ሁሉ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እነሱ ሲያርሙ እኔ ጥጌን ይዤ የሠሩትን ፕሮግራም አማርኛ አርማለሁ፤ ይኼ በሐመሩ ነው፣ ይኼ በንጉሡ ነው እላለሁ። ደስ ይላቸው ነበር፣ ወይም ደስ ያላቸው ይመስለኝ ነበር። የሁሉም ማሳ በተራ ታርሟል። የኔን ያረመው የለም፤ ማሳ አለኝ ብዬም አስቤ አላውቅም።

ከዚያ የክሊኒኩ ሥራ መጣ። ስሙን አልጠራም፣ ዛሬ የለምም። ባለቤቱ ይበልጣልን ጠርቶ «ካርድ ክፍሌን በኮምፒውተር አድርግልኝ፤ ወረቀቱ አይጥ በላው» አለው። ለልጆቹ የመጀመሪያ ትልቅ ሥራቸው ነው፤ ሁሉም ተሳተፉበት፣ ኃላፊነቱን ግን ይበልጣል ፈርሞ ወሰደ። ስም በስም የሚፈልገውን ክፍል የሠራችው ስመኝ ናት። ማሳዋ የሚታረምበት ቅዳሜ ድንቿን ይዛ መጣች፣ ከፈተችው፣ እኔም መነፅሬን አድርጌ ከጥጌ ተነሣሁ።

«ይኼ ምንድን ነው?» አልኩ።

«ፊደሎቹን አንድ የሚያደርግ ነው እትዬ። ሰው ስሙ በየትኛውም ሀ ቢጻፍ እንዲገኝ።»

«ስም በየትኛውም ሀ ይጻፋል? ኃይሉን በሀሌታው ሀ ስትጽፊው ምን ኃይል ቀረው?»

ሁሉም ሳቁ፣ ሕጉንም ረሱት። ስመኝ አልሳቀችም። «እትዬ፣ እኛ ሰፈር ሰው ስሙን ራሱ አይጽፍም፤ የሚጽፉለት ሌሎች ናቸው። የእናቴ ስም ሦስት ወረቀት ላይ ሦስት ዓይነት ነው። የመንደራችን ስም ደግሞ በአፍንጫ የምንለው ድምፅ አለው፣ እዚህ የሚመዘግቡት በአማርኛ ፊደል እንደመጣላቸው ነው የሚያደርጉት። መዝጋቢዋ የሰማችውን ነው የምትጽፈው።»

«እንግዲያው መዝጋቢዋ ትማር እንጂ ማሽኑ ለምን መሃይም ይሆናል? አንድ ሳምንት ስጡኝ፣ እኔ አሠለጥናታለሁ። ፊደል የለየ ሰው ስም አይጠፋበትም።»

ይበልጣል ስመኝን አያት፣ ስመኝ ጣቶቿን አየች። ጃኬቱ ኪስ ውስጥ እጁን ከትቶ ሊናገር እንደፈለገ ያስታውቃል፤ አልተናገረም። በመጨረሻ እሷ «እሺ እትዬ። እርስዎ ያውቃሉ» አለች። ይበልጣልም «እርስዎ ያውቃሉ» አለና ያቺን ቦታ በገዛ እጁ አጠፋት። ሰባት መስመር ናት። ድንቹን በላን።

ይኼን «እርስዎ ያውቃሉ» የሚሉትን ነገር እኔ ነኝ የማውቀው። ሠላሳ ዓመት ለአለቆቼ ያልኩት ቃል ነው። አንዱ የማይሆን ነገር ሲያዘኝ፣ ብናገር እንደማይሰማኝ ሲገባኝ፣ አንገቴን ሰብሬ «እርስዎ ያውቃሉ» እለውና ውስጤን ዘግቼ እወጣለሁ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ቢበላሽ የሱ ነው። ታናሽ ለታላቁ «ተሳስተዋል» ማለት አይችልም፣ ይኼን ነው የሚችለው። እንዲህ ጠንቅቄ የማውቀውን ቃል ለኔ ሲባል ግን እንደ ማር ዋጥኩት። «አየሽ፣ ገባቸው» አልኩ በልቤ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው። ለአንዲት ቅጽበት ስመኝን ቀና ብዬ ባያት ኖሮ ራሴን አየው ነበር።

መዝጋቢዋን አሠለጠንኳት፣ ጎበዝ ልጅ ነበረች፣ ሀ ከሐ ለየች። በአምስተኛው ወር ባል አግብታ ቡሬ ሄደች። ሌላ ተተካች፤ እሷን ያሠለጠናት የለም፣ እኔም መለወጧን አልሰማሁም። አንድ የገበያ ቀን ዐፀደ ኃይሉ የምትባል የአዘና ገበሬ ትኩሳት ይዟት ክሊኒኩ መጣች። ከዚያ በፊት አንዴ እዚያው ታክማ መርፌ አልስማማ ብሏት ለጥቂት ነበር የተረፈችው፤ ያኔ ሐኪሙ «ከእንግዲህ ይኼ መርፌ አይወጋሽም፣ ካርድሽ ላይ ተጽፏል» ብሏታል። የመርፌውን ስም አታውቅ፤ ተጽፏል ተባለች፣ አመነች። ያቺ የኔ ተማሪ «ዐፀደ» ብላ በዓይኑ ዐ፣ በፀሐዩ ፀ፣ «ኃይሉ»ን በብዙኃኑ ኃ መዝግባታለች፣ ነጥብ አልሳተችም። አዲሷ «አጸደ ሃይሉ» ብላ ፈለገች። «ካርድ የለሽም» አለቻት። ሴትዮዋ «ኧረ አለኝ» አለች። «ኮምፒውተሩ የለችም ይላል» ብላ አዲስ ካርድ አወጣችላት። አዲሱ ካርድ ላይ ምንም አልተጻፈም። ያንኑ መርፌ ወጓት።

ዳነች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አፏ አብጦ፣ ትንፋሿ ተቋርጦ፣ በመኪና ባሕር ዳር ወስደዋት በአራተኛው ቀን ነፍሷ ተመለሰች። እኔ ግን አራቱንም ቀን እህል አልቀመስኩም፤ ለማንም ግን ለምን እንደሆነ አልተናገርኩም። በኋላ ወንድሞቿ ዱላ ይዘው መጡና ነገሩ በሽማግሌ ይለቅ ተባለ። ክሊኒኩ ግቢ ውስጥ ሦስት ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ እኔም ዕድሜዬም ስሜም አለ ብለው ከእነሱ ጎን ወንበር ሰጡኝ። እንግዲህ አስቡት፣ ከሳሽም ተከሳሽም ቆሟል፣ እኔ ነጠላዬን ተከናንቤ ከዳኞች ጋር ተቀምጫለሁ።

«ይኼን መሣሪያ የሠራው ማን ነው?» አሉ አንደኛው ሽማግሌ።

«እኔ ነኝ» አለ ይበልጣል። ስመኝ ልትናገር ብድግ ስትል በዓይኑ ከለከላት። ሽማግሌው ወደኔ ዞሩ። «እትዬ ዓለምነሽ፣ እርስዎ የፊደል ሰው ነዎት። ልጆቹም እርስዎ ቤት ነው የሚውሉት። ምን ይላሉ?»

ልጆቹ ሁሉ አዩኝ። መናገር ያለብኝ አምስት ቃል አይሞላም፤ «መስመሮቹን ያስጠፋኋቸው እኔ ነኝ» ማለት ብቻ ነው። ነጠላዬን አስተካከልኩና «ልጆች ናቸው፤ ይማራሉ» አልኩ።

እንዲህ ነው ያልኩት። ሽማግሌው «መልካም ብለዋል» አሉኝ። ከዚያ እንደ አገሩ ወግ ይበልጣል ጫማውን አወለቀ፣ ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸከመና በወንድሞቿ ፊት ወደቀ። ያቺ ቡናማ ጃኬት አንገትጌዋ ላይ አፈር ያዘች። ወንድሞቿ «ይቅር ብለናል» እስኪሉ ድረስ ቀና አላለም። እኔ መሬት መሬት አይ ነበር፣ የጫማውን መልክ ዛሬም አልረሳሁትም፤ ማሰሪያው አንዱ ጥቁር አንዱ ቡናማ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ክፍሏን ጠርጌ ጠበቅሁ፤ የመጣ የለም። ክሊኒኩ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። ይበልጣልን ቢሮው ውስጥ «ሰው ሊገድል የነበረው» ይሉት ጀመር፤ ወር ሳይሞላ ለቅቆ ዳንግላ ገባ፣ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ከፈተ ሲሉ ሰማሁ። ስመኝ አንድ ቀን የክፍሏን ቁልፍ ልትመልስ መጣች። «ደህና ይሁኑ እትዬ» ብቻ አለችኝ። ብትቆጣኝ፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እኔ ደግሞ «ጫማሽን ጥረጊ፣ ጭቃ ነክቶታል» አልኳት። ሌላ የሚወጣኝ አጣሁ። ከዚያ ስንት ነገር መጣ፣ ስንት ነገር ሄደ። መንገዱ የተዘጋበት ጊዜ አለ፣ ኔትወርኩ ጠፍቶ ከልጆቻችን ድምፅ የራቅንበት ጊዜ አለ፣ ዘፈን ጫኙ ሱቁን ዘግቶ የት እንደ ገባ አይታወቅም። እኔም ቤቷን ለሌላ አሳልፌ ሰጠሁ። ማንም ስለዚያች ነገር ጠይቆኝ አያውቅም፤ የከተማው ሰው እስከ ዛሬ የሚያከብረኝ ባለማወቁ ነው።

እንግዲህ ካርድ ክፍሉ ያን ሰኞ አገኘኝ። ጠይቄ ስመኝ ቅዳሜ ቅዳሜ ዩኒቨርሲቲው መንገድ ላይ ካለች አንዲት አዳራሽ ወጣቶች እንደምትሰበስብ ነገሩኝ፤ ባለፈው ቅዳሜ ሄድኩ። ወደ ሃያ ልጆች ላፕቶፖቻቸው ላይ ተደፍተዋል። ገና በሩ ላይ የተቀቀለ ድንች ሽታ ተቀበለኝ። ስመኝ መነፅር አድርጋለች፣ ሰውነቷ ሞላ ብሏል። አየችኝ፣ መጥታ ጉንጬን ሳመችና ከፊት አስቀመጠችኝ። ግድግዳው ላይ የወንፈሉ ሕግ ተለጥፏል። ድንቹ አለ፣ አለመሳቁም አለ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ዓይኔን አላምን አልኩ፤ «እዚህ ቤት እርስዎ ያውቃሉ ማለት ክልክል ነው» ይላል።

አንዲት አዲስ ልጅ እጇን አወጣች። «ሦስተኛው ሕግ ግን ለምንድን ነው? ለታላቅ ታዲያ ምን ይባላል?»

ስመኝ አላየችኝም፣ ሆን ብላ። «አንድ ቀን ይነገራችኋል» ብላ አለፈችው።

ሲበተኑ በር ላይ ያዝኳት። «ለምን አልነገርሻቸውም?»

«የኔ አይደለማ እትዬ» አለች። «ማሳው የእርስዎ ነው።» ከዚያም ጨመረች፤ «ያኔ እኔም ጥፋት አለብኝ። ትክክል እንዳልሆነ እያወቅሁ እሺ አልኩዎት። መቼ እናርመው?»

«የሚመጣው ቅዳሜ» አልኳት። አፌ ቀደመኝ። ቤቴ ስገባ ግን ከቅዳሜ በፊት መሄድ ያለብኝ ቦታ እንዳለ ገባኝ፤ የሱን ስም እሱ በሌለበት ሃያ ሰው ፊት ላነሣ አልችልም። ማክሰኞ መንገዱ ዝግ ነው ተባለ፣ ረቡዕም እንዲሁ። ትናንት ሐሙስ ተከፈተና በሚኒባስ ዳንግላ ወረድኩ። ያኔ ይበልጣል በየቅዳሜው ከወንፈሉ በኋላ በአሥራ አምስት ብር አገሩ የሚመላለስባት መንገድ ናት፤ ከዚያ የሚተርፈው ከዳቦ ሌላ አይገዛለትም ነበር።

ሱቁ ቀለምና የውኃ ቱቦ የሞላበት ጠባብ ቤት ነው። ይበልጣል ምስማር እየመዘነ ነበር። ጃኬቷ የለችም። ሲያየኝ ብድግ አለ፣ ወንበር አራገፈልኝ፣ ለስላሳ አስመጣልኝ፣ ጤናዬን ጠየቀኝ፣ የመንገዱን ነገር ጠየቀኝ። ኮምፒውተር ቤቱ ውስጥ የለም። እኔ በመንገድ ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፣ ሁሉም ጠፋብኝ። «ያቺን ሰባት መስመር ያስጠፋሁህ እኔ ነኝ» አልኩት። «ሽማግሌ ፊትም እያወቅሁ ነው ዝም ያልኩት። ዝምም አላልኩ፣ የባሰ ነው ያልኩት። ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ስመኝ ዘንድ በሰው ሁሉ ፊት ልናገረው ነው። ላንተ ሳልናገር ግን…»

ምስማሩን ከሚዛኑ ላይ አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠው። «እኔ ምን እላለሁ እትዬ» አለ። «እርስዎ ያውቃሉ።»

እዚያች ወንበር ላይ ተቀምጬ እንባዬ መጣ። ለኔ ከዚያ ወዲያ ሌላ ቅጣት አያስፈልግም ነበር። «አላውቅም» አልኩት። «አላውቅም ይበልጣል። ያኔም አላውቅም ነበር።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ዓይኔን አየኝ።

«እትዬ» አለ፣ «ያኔ ‹ልጆች ናቸው› ሲሉ ሠላሳ ዓመቴ ነበር።»

አንድ ሰው ቱቦ ሊገዛ ገባ፣ ይበልጣልም ሊለካለት ተነሣ። ገዢው ሲወጣ «የቅዳሜው ስብሰባ ይሰረዝ እንደሆነ፣ መንገዱም አያስተማምንም፣ ስልክዎን ይስጡኝ» አለና ስልኩን አወጣ። ቁጥሬን ነገርኩት። ስሜን ሲጽፍ «ደስ ባለህ ፊደል ጻፈው» አልኩት። ጽፎ ስልኩን አዙሮ አሳየኝ። ዓለምነሽ ይላል፣ በዓይኑ ዓ። «እንዳስተማሩን ነው» አለኝ። ሲስቅብኝ ይሁን ሲያከብረኝ ለመለየት ፊቱን አየሁት፣ አልለየሁም። እጄን ይዞ እስከ ሚኒባሱ ሸኘኝ።

ዛሬ ዐርብ ነው። ይመጣ እንደሆነ አልጠየቅሁትም፣ እሱም አልነገረኝም፣ ስልክም አልደወለም። ከሰዓት በኋላ ገበያ ወጥቼ ድንች ገዛሁ፤ ኪሎው ስንት እንደ ገባ ዛሬም አልናገርም። ባለማሳ ለአንድ ሰው ሦስት ድንች ነው የሚቀቅለው። ስመኝን ደውዬ «ስንት ሰው ትሆናላችሁ?» አልኳት። «ከእርስዎ ጋር ሃያ ሁለት» አለችኝ። ቆጥሬ አጠብኩ፣ ስልሳ ስድስት። ከዚያ ሦስት ጨመርኩ።